ሳይታይ የሚጀምር ቁስል

ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ጨርሶ አይተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል። ከጀርባው ወደ ጎኑ፣ ከግራው ወደ ቀኙ ይዞራል፤ እግሩን ይሰበስባል፣ መልሶ ይዘረጋል። ጠዋት ሲነሣ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። ለመሆኑ ማን ነው «ዙር» ያለው? የገዛ ገላው ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨፍልቆ ደም ያጠረው ሥጋ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ አንጎልም ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ ገላውን ያዞረዋል። ይህ ከልደት እስከ ሞት ያለ ምስጋና የሚሠራ የሌሊት ዘበኛ ነው።

ዘበኛው ዝም ያለ ዕለት ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ገላው አይሰማውም፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ረጅም ሕመም ያደከመው ሽማግሌ መልእክቱ ቢደርሰውም የሚዞርበት ጉልበት የለውም። ራሱን የሳተ በሽተኛ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበልለት የለም። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ሥጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ሊጀምር ይችላል። መጀመሪያ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ቆዳ ሳይሆን ወደ አንጥንት የተጠጋው ሥጋ ነው። ዓይን የሚያየው ቁስል የሚወጣው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ውስጡ ተቦርቡሯል። በመቀመጫ፣ በዳሌ፣ በተረከዝ ላይ የሚወጣው የመኝታ ቁስል ይህ ነው።

የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። የመኝታ ቁስል ክፋቱ ግን በሽተኛው ሳይደብቅ ገላው ራሱ ከባለቤቱ የሚደብቀው መሆኑ ነው። ስለዚህ የዚህ ቁስል ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ታሪክ ነው፤ ዝም ባለው ዘበኛ ፋንታ ሌላ ዘበኛ የማቆም ታሪክ። ተተኪው ዘበኛ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ መጥቷል። አንዴ ትራስ፣ አንዴ ሰዓት፣ አንዴ የነጥብ ሠንጠረዥ ሆኖ ታይቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ጨርቅ ልሁን ብሎ ተነሥቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፓሬ ትራስ

ቁስሉ አዲስ አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ በሃያ አንደኛው ሥርወ መንግሥት፣ ማለትም ከዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የሞተች አንዲት የአሞን ቤተ ጣዖት አገልጋይ ነበረች። የደረቀው አስከሬኗ ሲመረመር አሮጊቷ ከመሞቷ በፊት የመኝታ ቁስል አግኝቷት እንደነበር ታወቀ። አስከሬን አድራቂዎቹ ቁስሉን በቆዳ ለጥፈው ሸፍነውታል። በሕይወት ሳለች ያልዳነው ገላ ቢያንስ ከሞት በኋላ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ የታሰበ ይመስላል።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለዚሁ ቁስል በዝርዝር የጻፈልን ፈረንሳዊው ቀዶ ጠጋኝ አምብሩዋዝ ፓሬ ነው። በ1569 ንጉሥ ቻርልስ ዘጠነኛ ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር ሞንስ ከተማ አጠገብ ወደሚኖር አንድ መስፍን ላከው። መስፍኑ በጥይት ቆስሎ ሰባት ወር ያህል አልጋ ላይ ውሏል። ፓሬ ሲደርስ ያገኘው ትኩሳት የጨረሰው፣ ከስቶ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። ከጥይቱ ቁስል ሌላ መቀመጫው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው የመኝታ ቁስል አለበት። ሕመሙን ፈርተው የሚያነሣውና አንሶላውን የሚለውጥለት ሰው ጠፍቶ ነበር።

ፓሬ ያዘዘውን ነገር ዛሬ አንድ ጎበዝ ነርስ ብታየው ብዙ አትነቅፈውም። ሌላ ለስላሳ አልጋ ይዘጋጅ አለ፤ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍ፤ የቆሰለው ቦታ ከአልጋው ጋር እንዳይነካካ በላባ የተሞላ ትንሽ ትራስ ይደረግለት፤ የሚያጠነክር ምግብ ይብላ። እንቅልፍ እንዲወስደውም ከከፍታ ላይ ውኃ ወደ ድስት እያፈሰሱ የዝናብ ድምፅ እንዲያሰሙት አዘዘ። መስፍኑ ዳነ። ፓሬ ስለ ደም ዝውውር የምናውቀውን አያውቅም ነበር። ግን ዋናውን ነገር ይዞታል፤ ቁስሉን ከመቀባት በፊት ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሣት ይገባል።

ሁለቱ ሐኪሞች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠ። የፓሪሱ ዣን ማርተን ሻርኮ በዘመኑ የነርቭ ሕክምና አባት የሚባል ሰው ነበር። በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል አንጎላቸው ወይም አከርካሪያቸው የተጎዳ በሽተኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ መቀመጫቸው ላይ ጥቁር ቁስል ሲወጣባቸውና ሲሞቱ ደጋግሞ አየ። ከዚህም ተነሥቶ የተጎዳው ነርቭ ራሱ ሥጋውን ይገድለዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለቁስሉም የሞት ምልክት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጠው።

የሐሳቡ ጣጣ ከትምህርት ክፍል ውጭ ነበር። ቁስሉ ከነርቩ የመጣ ከሆነ አስታማሚ ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ቁስሉ የወጣበት ሰው ለሞት የታጨ ነውና ተስፋ መቁረጥ እንደ ሳይንስ ተቆጠረ።

የሚያሳዝነው ተቃራኒው ማስረጃ ቀድሞ መገኘቱ ነው። ብራውን ሴካር የተባለው ሐኪም በ1850ዎቹ አከርካሪያቸውን በቆረጣቸው እንስሳት ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። እንስሳቱ ንጹሕና ደረቅ ሆነው ከተያዙ፣ አንዱ የገላቸው ክፍል ለረጅም ጊዜ ካልተጫነ ቁስሉ አይወጣም። ነርቩ ተቆርጧል፤ ቁስሉ ግን የለም። ስለዚህ ገዳዩ ጫናውና እርጥበቱ እንጂ ነርቩ አልነበረም። ሆኖም የሻርኮ ስም ከብዶ የብራውን ሴካር ሙከራ ለረጅም ጊዜ ሰሚ አጣ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ስለ አስታማሚነት ባሳተመችው መጽሐፍ ጥፋቱን ከበሽታው ላይ አንሥታ በአስተማመሙ ላይ ጫነችው። ይህ ሐሳብ ነርሶችን ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሲያስወቅስ ኖሯል፤ አንዳንዴም ያለ አግባብ። ቢሆንም ከሻርኮ ሐሳብ የሚሻልበት አንድ ነገር ነበረው። ጥፋት ከሆነ ሊታረም ይችላል ማለት ነው።

ሰዓት ዘበኛ ሲሆን

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አከርካሪው የተሰበረ ወታደር ዕጣው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። አብዛኛው በመኝታ ቁስልና በሽንት ፊኛ መመረዝ ይሞታል። ይህን ዕጣ የለወጠው ከናዚዎች ሸሽቶ በ1939 እንግሊዝ የገባ አንድ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነው፤ ሉድቪግ ጉትማን ይባላል። በየካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለአከርካሪ ቁስለኞች የተለየ ክፍል እንዲመራ ተሾመ።

ጉትማን ይዞ የመጣው አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ይዞ የመጣው ደንብ ነው። እያንዳንዱ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ይገላበጣል። መሸ ደከመኝ ማለት የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉትማን ራሱ ሌሊት እየመጣ በሽተኞቹ መዞራቸውን ይቆጣጠር፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖም ያገላብጥ ነበር። ዝም ያለውን የገላ ዘበኛ በግድግዳ ሰዓትና በሰው እጅ ተካው ማለት ነው። ቁስለኞቹ መሞት ቀርተው መኖር ጀመሩ። መኖር ሲጀምሩ ደግሞ ሥራና ጨዋታ ያስፈልጋቸዋል። በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት አሥራ ስድስት ቁስለኞች በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ግቢ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮምን አቋርጦ የማራቶንን ድል ተቀዳጀ። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ሮም ከሃያ ሦስት አገሮች የመጡ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረውን ውድድር ጀመሩ። በዚያን ሰሞን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያሰበ ሰው የሚኖር አይመስልም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ግን የአበበ መኪና ተገለበጠች። ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ የገባው እዚያው ስቶክ ማንደቪል ነበር። ጉትማን በዚያን ጊዜ ከሆስፒታሉ ኃላፊነቱ በጡረታ ወጥቷል፤ የመሠረተው ክፍል ግን ሥራውን ቀጥሏል።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያልቻለው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ እስካረፈ ድረስ አራት ዓመት ተኩል ያህል ኖሯል። የአበበን ጽናት ሁላችንም እናወራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የአከርካሪ ቁስለኛ ጽናቱን የሚያሳይበት ዕድሜ እንዲያገኝ ያደረገው አንድ ትልቅ ነገር ማንም ያልዘፈነለት ተራ ሥራ መሆኑም አይዘንጋ፤ በሌሊት እየተነሡ ሰው ማገላበጥ።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። በሱፐርማን ፊልም የምናውቀው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ መላ ገላው ሽባ ሆነ። ገንዘብም፣ ሐኪምም፣ አስታማሚም አላጣም ነበር። በጥቅምት 2004 የሞተው ግን በመኝታ ቁስል የመጣ ኢንፌክሽን ሲታከም ልቡ ቆሞ ነው።

ቁጥር ዘበኛ ሲሆን

ሁለት ሰዓት ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል? ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ መልስ በቁጥር ለመስጠት ሞክሯል። ዩጂን ላንዲስ በ1930 በጣት ጥፍር ሥር ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ለካ፤ ደም በሚገባበት ጫፍ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች 32ን እንደ ወሰን ድንጋይ ይጠቀሙበት ጀመር፤ ከዚያ በላይ ከተጫነ ቁስል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሰላም። ጤነኛ ሰው ጥፍር ላይ የተለካ ቁጥር ለከሳ አሮጊት መቀመጫ እንደማይሠራ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

አሜሪካዊው ማይክል ኮሲያክ በ1959 በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት ጫናና ጊዜ አብረው መታየት እንዳለባቸው አሳየ። ከባድ ጫና በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀላል ጫና በረጅም ጊዜ ያደርሰዋል። ከ2000 ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ደግሞ የደም መቋረጥ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን ገለጡ። ሕዋሳት ከመጠን በላይ ሲጨመቁና ሲጎተቱ፣ ደም ሳይቋረጥም ቢሆን፣ ቅርጻቸው ተበላሽቶ ሊሞቱ ይችላሉ።

ነርሶችም የራሳቸውን ቁጥር አወጡ። እንግሊዛዊቷ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቿ ጋር በ1962 ባወጣችው ጥናት በሽተኛውን በአምስት ነገሮች የሚመዝን ሠንጠረዥ አቀረበች፦ የገላ ሁኔታ፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ መንቀሳቀስ፣ መገላበጥ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር። በ1987 አሜሪካውያኑ ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም ስድስት ነገሮች ያሉትን ሠንጠረዥ አሳተሙ። የመጀመሪያው መመዘኛ በሽተኛው ምቾት ማጣቱን ይሰማዋል ወይ የሚል ነው። የሌሊቱ ዘበኛ በሥራው ላይ ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ሠንጠረዡ ማን አደጋ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ አሁን በዚህች ሰዓት የትኛው ሥጋ እየተጎዳ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሰዓቱም ቢሆን ሁሉን እኩል ያያል። በ2013 ውጤቱ የታተመ በአሜሪካና በካናዳ 942 አረጋውያን የተካፈሉበት ጥናት በጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙትን በየሁለት፣ በየሦስትና በየአራት ሰዓት በማገላበጥ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ይህ ማለት ማገላበጥ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የአንዱ ገላ ሰዓት ከሌላው ገላ ሰዓት ይለያል ማለት ነው።

ዓይን የማያየው መቅላት

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1989 ቁስሉን በአራት ደረጃ ሲከፍሉ የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት መቅላት ነበር። ቆዳው ይቀላል፤ በጣት ሲጫኑት ነጣ ብሎ መመለሱ ይቀርና እንደ ቀላ ይቆያል። ይህን ያየ አስታማሚ ጫናውን ካነሣ ብዙ ጊዜ ቆዳው ሳይቀደድ ይድናል።

ነገር ግን ይህ ምልክት የተጻፈው ነጭ ቆዳ እየታየ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቢታይም ዓይን ያልለመደው መልክ ይይዛል። በ1998 ትርጉሙ ተሻሽሎ ጥቁር ቆዳንም እንዲያካትት ተደረገ። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች የተደረጉ ጥናቶችም ጥቁሮች ላይ ቁስሉ በመጀመሪያው ደረጃ ሳይታወቅ ቀርቶ ከገፋ በኋላ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ገላ ከባለቤቱ የደበቀውን ቁስል መጽሐፉ ደግሞ ከአስታማሚው ደብቆታል ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የተኛ ሰው ያለበት አንባቢ ቢያስታውሰው የሚጠቅም ነገር እንጨምር። በእኛ ቆዳ ላይ የሚፈለገው መቅላት ብቻ አይደለም። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ቦታ መፈለግ፣ በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ ከጎኑ ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላላ መሆኑን ማየት፣ የሚሰማው ሰው ከሆነም ያምሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ማሸት ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያድንም። በመሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ መቀመጫም ጫናውን ወደ ዳርቻው ስለሚያዞረው ዛሬ አይመከርም።

ድርና ማጉ

ጨርቅ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው አሁን ነው። በእርግጥ ከሩቅ ካየነው ቀድሞም ነበረበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ የበግ አጎዛ ከበሽተኛው ሥር ሲነጠፍ የመኝታ ቁስል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አጎዛ ጫናን ያከፋፍላል፣ እርጥበትን ይመጥጣል። ይሁን እንጂ አይናገርም። የአዲሱ ጨርቅ ልዩነት መናገሩ ነው።

የሚናገር ልብስ ሐሳብ የተወለደው ከሆስፒታል ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። በ1996 በአሜሪካ ጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰንዳሬሰን ጀያራማን የሚመራው ቡድን በባሕር ኃይሉ ገንዘብ አንድ ካናቴራ መሥራት ጀመረ። በሽመናው ውስጥ ብርሃንና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ክሮች አብረው ገብተዋል። ወታደሩን ጥይት ሲመታው ክሩ ይበጠሳል፤ የተበጠሰበትም ቦታ ከሩቅ ይታወቃል። ልብስ ገላን ከመሸፈን አልፎ የገላን ወሬ ማድረስ እንደሚችል በዚህ ታየ።

የመኝታ ቁስልን ለመጠበቅ የሚሠሩት ጨርቆች አሠራራቸው በጣም የረቀቀ አይደለም። በባህል ልብሳችን ጥለት ላይ የሚያብረቀርቅ ክር እናያለን። እዚህ ግን ብር የተቀባው ክር የሚገባው ለጌጥ ሳይሆን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ነው። አንደኛው ዘዴ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ኃይሉ የሚጨምር ጨርቅ መጠቀም ነው። ሌላው ዘዴ ሁለት አስተላላፊ ጨርቆችን በመሐላቸው ለስላሳ ነገር አድርጎ መደራረብ ነው። ሰው ሲተኛበት ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የሚይዙት የኤሌክትሪክ ክምችት ይለወጣል፤ ከለውጡም ጫናው ይሰላል። ክሮቹ እንደ ድርና ማግ ተሻግረው ስለሚሠሩ እያንዳንዱ መገናኛ ነጥብ አንድ ጠቋሚ ይሆናል። ሙቀትንና ላብን የሚለኩ ክሮችም ይጨመራሉ፤ የሞቀና የረጠበ ቆዳ ቶሎ ይጎዳልና። እንዲህ ያለው ጨርቅ አንሶላ ሊሆን ይችላል፣ ካልሲ ሊሆን ይችላል፣ የውስጥ ሱሪ ሊሆን ይችላል።

ከጫናው አልፎ ጉዳቱን ራሱን ለመስማት የሞከሩም አሉ። በ2015 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሚሼል ማሃርቢዝና ባልደረቦቹ ያሳወቁት ሥራ ከዚህ ወገን ነው። የሠሩት የተሸመነ ጨርቅ ሳይሆን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነጥቦች የታተሙበት ስስና ተለማጭ ፋሻ ነው። የጤነኛ ሕዋስ ሽፋን ኤሌክትሪክን ያግዳል፤ ሕዋሱ መሞት ሲጀምር ሽፋኑ ይሸነቆራል። ፋሻው ይህን ለውጥ በአይጦች ላይ፣ ጉዳቱ ለዓይን ሳይታይ ለየው።

እዚህ ላይ የቆዳ ቀለም ነገር እንደገና ይመጣል። ጫናን፣ ሙቀትን፣ እርጥበትን የሚለካ ክር ቀለም አያይም፤ ለእኛ ትልቁ ተስፋ ይህ ነው። በብርሃን የሚሠሩ መሣሪያዎች ግን እንዲህ አይደሉም። በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጥቁሮች ላይ እጥረቱን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮች ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን በ2020 የታተመ የሚቺጋን ሐኪሞች ጥናት ገልጿል። መሣሪያው ለአሥርተ ዓመታት በመላው ዓለም ሲሠራበት ኖሯል። የሚናገረው ጨርቅም በማን ገላ ላይ እንደተፈተነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ደወሉን ማን ይሰማል?

ለመሆኑ እነዚህ መሣሪያዎች ይጠቅማሉ? ያሉት ጥናቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2014 የታተመ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት ጫናን በሚያሳይ ምንጣፍ ላይ ከተኙት 0.9 በመቶው፣ ያለዚያ ከተኙት ግን 4.8 በመቶው የመኝታ ቁስል እንደያዛቸው አሳየ። በስዊድን በ2017 የታተመ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ልዩነት አላገኘም። በ2018 በአሜሪካ የስታንፎርድ ሐኪሞች 1,312 በሽተኞች የተካፈሉበትን ጥናት አሳተሙ። በበሽተኛው ደረት ላይ ተለጥፎ መቼ እንደዞረ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ነበር የተሞከረው። መሣሪያው ካላቸው 0.7 በመቶው፣ ከሌላቸው 2.3 በመቶው ቆሰሉ።

የዚህ የመጨረሻው ጥናት ትምህርት በመጠኑም ቢሆን ያስገርማል። ያ መሣሪያ ጫናንም፣ ሙቀትንም፣ የሕዋስን ሞትም አይለካም። ያደረገው ነገር ቢኖር ነርሶቹ በሽተኛውን በሰዓቱ እንዲያገላብጡ ማስታወስ ነው፤ እነሱም ካለ መሣሪያው ጊዜ ይልቅ በሰዓቱ አገላበጡ። ቁስሉን የከለከለው መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያው የቀሰቀሰው እጅ ነው።

ጨርቁ ገና ያልፈታቸው የራሱ ችግሮችም አሉበት። በላብ ይርሳል፤ ታጥቦ ሲመለስ መለኪያው ሊዛባ ይችላል፤ ሲጨማደድ ጭምድዱ ራሱ ቆዳ ይጫናል። በውስጡ ጠንካራ ነገር ካለበት ሊከላከል የመጣውን ቁስል ራሱ ያመጣል። ከመጠን በላይ የሚጮህ ደወልም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰሚ ያጣል። ይህ ሁሉ በምርምር ሊቃለል ይችላል፤ ብዙዎችም እየሠሩበት ነው። በምርምር የማይቃለለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደወሉ ሲጮኽ በዚያኛው ጫፍ ማን አለ?

ባለ ብዙ ነርስ ሆስፒታል ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀላል ሊመስል ይችላል። በእኛ አገር ግን የተኛ ሰው ዘበኛ በአብዛኛው አስታማሚው ነው። እናቷን የምታስታምም ልጅ ናት፤ ወንድሙን ይዞ ከገጠር የመጣና በአልጋው ሥር የሚያድር ወንድም ነው። ቀን ሲላላክ ውሎ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ሊነሣ የሚታገል ሰው ነው። የጉትማን ደንብ እሱ ላይ ሲወድቅ ተረኛ የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚናገር ጨርቅ ከቅንጦት ሊቆጠር አይገባም። «አሁን ተኛ፣ ገና ነው፤ አሁን ተነሥ፣ ግራ ዳሌዋ ደክሟል» የሚለው ነገር ቢያገኝ በሌሊት ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይጨምርለታል፤ እናቱንም ከቁስል ያድናታል። እንግዲህ ጨርቁን የሚሠሩት ሰዎች ዋጋውን፣ አጠባበቡን፣ መብራት የጠፋ ዕለት የሚሆነውን ሲያስቡ ይህንን ሰው ቢያስቡት መልካም ነው።

ጨርቁ እስኪመጣ ግን ፓሬም፣ ብራውን ሴካርም፣ ጉትማንም የተስማሙበት ነገር በእጃችን አለ። ክብደቱን ከሥጋው ላይ ማንሣት፣ ቆዳውን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ ደህና መመገብ፣ ሳይቆስል በፊት በየቀኑ ማየትና መዳሰስ። አስታማሚው ብቻውን እንዳይደክም ደግሞ የቤተ ዘመድ ተራ ያስፈልጋል። አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው እስከ ንጋት።